የግድግዳዋ ጣውንት

እጅጋየሁ የምትቀናው በሞተች ሴት ነው። በቁም ባለ ሰው የምትቀና ሴት ዕድለኛ ናት፤ ቢያንስ ገበያ ላይ ጠብቃ ትገላምጣታለች፣ ለጎረቤት ታማታለች፣ ሲብስባትም ጸጉር ለጸጉር ትያያዛለች። የእጅጋየሁ ጣውንት ግን ሸዋሮቢት ከተማ፣ በእጅጋየሁ በገዛ ቤቷ ሳሎን፣ ከቡፌው በላይ በመስታወት ተሰቅላ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈገግ ትልባታለች። ይባስ ብሎ አቧራዋን የምትወለውልላት ራሷ እጅጋየሁ ናት።

ሴትዮዋ ሰገነት ትባል ነበር፤ የባሏ የመጀመሪያ ሚስት። እጅጋየሁ ይህን ስም በአፏ ጠርታው አታውቅም። «ያቺ» ነው የምትላት። «የያቺን መስታወት ዝንብ ጨረሰው» ትልና እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወንበር ላይ ትወጣለች።

ፎቶው የሚያስቀና ፎቶ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። በዕድሜ ብዛት ቀለሙ ወደ ቀይ ቢያደላም ከበስተኋላ ጢስ ዓባይ ገደሉን ሞልቶ ይወርዳል። በቀኝ አንድ ዘንባባ፣ በግራ አንድ ትልቅ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ውሃው ላይ አንዲት ነጭ ዳክዬ አለች። ከፊት ሰገነት ነጭ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። የእጅጋየሁ ባል የኋላሸት ከኋላዋ ሆኖ ወገቧን በሁለት እጁ ይዟታል፤ ፎቶ አንሺውን ትቶ እሷን ያያል። እጅጋየሁን ያንገበገባት ፏፏቴው አይደለም፣ ይህ አስተያየት ነው። እሷን እንዲህ አይቷት አያውቅም።

እሷና የኋላሸት አንድ ላይ ያላቸው ፎቶ የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸው ላይ ያለው ነው። ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ ጎን ለጎን፣ ማኅተም ግማሽ ፊታቸውን መትቶት። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው ደግሞ ከያቺ እግር ሥር።

እጅጋየሁ የመንዝ ሰው ናት፤ የመሐል ሜዳ ብርድ ያሳደጋት። በሃያ አምስት ዓመቷ ነርስ ሆና ሮቢት ስትመደብ የመጀመሪያውን ወር አንሶላ በውሃ እየነከረች ሲሚንቶ ላይ ነው የተኛችው። «ሰው እዚህ የሚኖረው ምን አጥፍቶ ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይስቁባታል። ከዚያ ግን ቆላው ያዛት። የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ የቀወት ወረዳን ቀበሌዎች በእግሯ አዳርሳለች። ሮቢት ገበያ ላይ ስትታይ ጎረምሶች ክንዳቸውን ይዘው «መጣችብን!» እያሉ ይቀልዱባታል፤ ሁሉንም በልጅነታቸው ወግታቸዋለች። ጅብ አትፈራም፣ የወረዳ ኃላፊ አትፈራም። አንዲት የሞተች ሴት ግን አንበርክካት ኖራለች።

የኋላሸትን ያገኘችው በወባ ነው። የአምስት ዓመት ልጁን ሩትን አቅፎ ጤና ጣቢያ መጣ። ሦስት ቀን ሲመላለስ ልጅቷ ዳነች፣ ነርሷ ታመመች። በዓመቱ ተጋቡ። ገና በገቡ ሳምንት እጅጋየሁ ፎቶውን ቀና ብላ እያየች «ጢስ ዓባይ ጥሩ ነበር?» አለችው። የኋላሸት ጫማውን ያስር ነበር። ቀና ሳይል «ጥሩ ነበር» አለና ወጥቶ ሄደ። በቃ። ከዚያ ቃል በኋላ ነው ቅናት ቤት ሠርቶ የተቀመጠው።

ፎቶውን ማውረድ አይቻልም፤ የሩት እናት ናት። ሩት ማታ ማታ ወንበር ላይ ቆማ «ደህና እደሪ እማዬ» የምትለው ለዚያ መስታወት ነበር። ያጠበቻትን፣ ያበጠረቻትን፣ ስትታመም አብራት ያደረችውን ሴት «እጅግዬ» ነው የምትላት። ጥሩ ልጅ ናት፣ ታከብራታለች። «እማዬ» የሚለው ቃል ግን ባለቤት ነበረው።

ስለዚህ እጅጋየሁ አንድ ነገር ፈለገች፤ ከባሏ ጋር ጢስ ዓባይ ሄዳ፣ ያቺ የቆመችበት ድንጋይ ጎን ቆማ፣ ፎቶ ተነስታ፣ እዚያው ግድግዳ ላይ መስቀል። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ወርቅ አልጠየቀችም፣ ቪላ አልጠየቀችም። የኋላሸት ግን አንዱን ዓመት «ክላቹ ተበልቷል» አለ፣ አንዱን ዓመት «ጾም ነው»፣ አንዱን ዓመት «መንገዱ አይታመንም»። ደብረ ብርሃን ድረስ በቀን ሁለቴ የሚመላለስ ሹፌር መንገድ ፈርቶ ሲቀር አስቡት።

«እሷን የሚያስታውስበትን ቦታ ከኔ ጋር መርገጥ አይፈልግም» ትላለች እጅጋየሁ።

ጎረቤቷ እትዬ እቴነሽ አንድ ቀን ተቆጡ። «አንቺ ልጅ፣ ከሞተ ሰው ጋር ምን ያፎካክርሻል? እሷን አፈር በልቷታል። ያለውን ይዘሽ ኑሪ!»

«እትዬ፣ እርስዎ አልገባዎትም። የሞተች ሴት አታረጅም፣ አትነጫነጭም፣ ወጥ አታሳርርም። በምን ላሸንፋት?»



ጊዜ ሄደ። ሩት ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት ከምርጫዋ አንደኛ አድርጋ የሞላችው ባሕር ዳርን ነው። «እማዬ የሄደችበት አገር» አለች። ተመርቃ እዚያው መምህርት ሆነች፣ እዚያው አገባች፣ ባሕር ዳር በገባች በስድስተኛው ዓመት ግንቦት በባተ ሰሞን ሴት ልጅ ወለደች። አራስ መጠየቅ ነዋ! አሁን የኋላሸት በምን ያመልጣል? እጅጋየሁ ፈቃድ ሞላች፤ ቅቤውን፣ ማሩን፣ የገንፎ ዱቄቱን፣ አንድ ሣጥን ማንጎ አሰናዳች። ከሁሉ በፊት ግን ወንበር ላይ ወጥታ የግድግዳውን ፎቶ በስልኳ አነሳችው፤ ቦታውን ሳትስት እንድታገኘው። ከሻንጣዋ ሥር ነጭ ቀሚስ አጥፋ ከተተች።

ባሏ በሚነዳው አባዱላ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጠው ሰንበቴን፣ አጣዬን፣ ካራቆሬን አለፉ። መንገዱ ሰላም የነበረበት ዓመት ነው። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል፤ የኋላሸት በመስኮት ክንዱን አውጥቶ ይነዳል። ደሴ ፒያሳ ሲደርሱ መኪናዋን አቀዘቀዘና አንድ ፎቅ ቤት ቀና ብሎ አየ። ከሥሩ የስልክ መሸጫ ነው።

«ምን አየህ?»

«ምንም። ጎማው የተነፈሰ መስሎኝ።»

ጎማ የሚታየው ወደ ላይ ነው እንዴ? እጅጋየሁ ልቧ ጠቆረ። ከያቺ ጋር ሲሄድ እዚህ አርፈው ይሆናል፣ እዚህ ምሳ በልተው ይሆናል፣ ከዚያ ፎቅ ላይ አብረው አድረው ይሆናል። ወልድያ እስኪደርሱ አላናገረችውም። ወልድያ አደሩ፤ በማግስቱም ጋሸናን፣ ነፋስ መውጫን፣ ደብረ ታቦርን ሲያልፉ ዘንባባውና ድንጋዩ ከፊቷ አልጠፋም።

ሩት አራስ አልጋዋ ላይ ሆና አቅፋ ሳመቻት። ሕፃኗ ጸጉራም ናት፣ ቀይ ናት፣ ታምራለች። እጅጋየሁ ገና አንስታ ሳትጠግብ ሩት «በእማዬ ስም ልጠራት ነው። ሰገነት» አለች።

እጅጋየሁ «ጥሩ» አለች። ሕፃኗን ቀስ አድርጋ መለሰችላት። ከግድግዳ ላይ ወርዳ፣ ሥጋ ለብሳ፣ ዳይፐር ታጥቃ መጣችባት በሉ እንግዲህ! ያሳደግኳት እኔ፣ ያበጠርኳት እኔ፣ ስሙ ግን የማን ነው?

በነጋታው «ጢስ ዓባይ ሄደን እንመጣለን» ስትል ሩት ፊቷ ተለዋወጠ። «እጅግዬ፣ በግንቦት ምን አለው? ውሃ የለውም እኮ። መስከረም ላይ ኑና አብረን እንሄዳለን።»

የእናቷን ቦታ እንዳልረግጥባት ነው፣ አለች እጅጋየሁ በሆዷ። «የመጣሁት ለማየት ነው፤ ውሃ ልቅዳ አላልኩም» አለችና ነጭ ቀሚሷን ለበሰች።

ከባሕር ዳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ አቧራው ቀሚሱን ገና ሳይደርሱ ቡናማ አደረገው። ትኬት ቆራጩ አዘነላቸው። «ክረምት ብትመጡ ይሻል ነበር» አለ። መኪናቸውን አቆሙና የኋላሸት በተሳሳተ መንገድ መራት፤ የሰው ጓሮ ገብተው ውሻ አባረራቸው።

«መንገዱ ጠፋብህ?» አለች እጅጋየሁ። «አዎ፣ ያኔ ዓይንህ መንገድ ላይ አልነበረማ!»

የኋላሸት ላቡን ጠረገ። አልማዝ የምትባል ሻርብ ሻጭ «ጋሼ፣ በዚህ ነው» ብላ መራቻቸው። የጥንቱ የድንጋይ ድልድይ ጋ ሲደርሱ የኋላሸት ቆሞ ድንጋዩን በእጁ እየዳሰሰ «እንዴት ያለ ሥራ ነው!» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ይመስል። እጅጋየሁ ይህንንም ለቅናቷ አበላችው። ይኸን የሚያህል ድልድይ ተሻግሮ ያላየው፣ ሌላ ምን ሲያይ ነበር? ሰው ካልፈለገ እውነት አፍንጫው ላይ ብትቀመጥም እሽ ብሎ ያባርራታል።

ዳገቱን ወጥተው ከፏፏቴው ፊት ለፊት ቆሙ። ያ ሁሉ ገደል ራቁቱን ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ የደረቀ ሣር፣ በአንድ ጥግ በደንብ ያልተዘጋ ቧንቧ የምታህል ውሃ። ጢስ የለ፣ ጩኸት የለ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ትሰማ ነበር፤ ዓባይን ራሱን ጠምቶት ማየት ግን ለሷ ደረሳት። ለያቺ ያ ሁሉ ውሃ፣ ለኔ ድንጋዩ! እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። አሁንም የቀራት ቦታው ነው። ስልኳን አውጥታ ለአልማዝ አሳየቻት።

«የኔ እህት፣ ይሄ ቦታ በየት በኩል ነው? ይሄ ዘንባባና ይሄ ድንጋይ?»

አልማዝ ስልኩን ከፀሐይ በእጇ ከልላ አየችው። አስጠግታ አየችው። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች።

«እትዬ፣ ይሄማ ሥዕል ነው! የፎቶ ቤት መጋረጃ! እዚህ ዘንባባ መቼ በቅሎ ያውቃል? ደግሞ ዳክዬዋን አላዩም? ከዚህ ፏፏቴ ሥር ዳክዬ ብትገባ ሱዳን ነው የምትገኘው!»

እጅጋየሁ ወደ ባሏ ዞረች። የኋላሸት መሬት መሬት ያያል።

«መጥተህ አታውቅም?»

«አላውቅም።»

«እሷስ?»

«እሷም።»

አልማዝ በመሳቋ አፈረችና ሻርቧን ሰብስባ ራቅ አለች። የኋላሸት አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ደሴ ነው» አለ። «ፒያሳ፣ ያ የስልክ መሸጫ ያኔ ፎቶ ቤት ነበር። ልቧ እንደማይድን ሐኪሙ የነገረን ዕለት ነው። አዲስ አበባ ውሰዳት አለኝ። እኔ የአውቶብስ ረዳት ነኝ፣ በምኔ ልውሰዳት? ከሆስፒታል ስንወጣ ያንን መጋረጃ በበሩ አየችው። ሁሌ ጢስ ዓባይን ሳላይ አልሞትም ትል ነበር። እዚህ እንነሳ አለችኝ። መቆም አልቻለችም፣ ከኋላ ደግፌ ያዝኳት። ፎቶ አንሺው ወደዚህ እይ ይለኛል፤ እኔ እንዳትወድቅብኝ እሷን እሷን አያለሁ።»

እጅጋየሁ ስልኳን ቀና አደረገችና ፎቶውን በጣቷ አሰፋችው። የሴትዮዋ ከንፈር ጠቁሯል። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጫማው ላይ ተርፏል። የአንገቷ ሥር ተገትሯል። እናንተዬ፣ ሃያ ዓመት በሽተኛ ያየች ነርስ፣ በየሳምንቱ በጨርቅ የወለወለችውን በሽተኛ አላየችም! ፍቅር ነው ብላ የቀናችበት አያያዝ ድጋፍ ነበር።

«ከዚያ አስማለችኝ» አለ የኋላሸት። «ሩት ስታድግ ሄደን ነበር በላት አለችኝ። እናቴ አልጋ ላይ ተኝታ ሞተች እንዳትል፤ አንድ ቀን እንኳ አገር ያየች እናት ትኑራት አለች። ማልኩላት።»

«ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

የኋላሸት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ለሩት ትነግሪያት ነበራ። አንድ የተናደድሽ ቀን።»

አልናገርም ነበር ለማለት አፏን ከፈተች። ግን ራሷን ታውቃለች። ያ ሁሉ «ደህና እደሪ እማዬ» ሲባል እውነቱ እጇ ላይ ቢሆን ኖሮ አንዱን ምሽት ታወጣው ነበር። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ታዲያ ቅናቱ ለቀቃት? የት ሊለቃት! አሁን ነው የባሰባት። እስከ ዛሬ የቀናችው በአንድ ቀን ሽርሽር ነው። ለካ የሚያስቀናው ሌላ ኖሯል።

«ለሷ ሃያ ዓመት ዋሸህላት» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። «እኔን የሚያህል ሰው እያቃጠልክ ዋሸህላት። ለኔ ምን ዋሽተህልኛል?»

የኋላሸት ተነስቶ ከጎኗ ቆመ። አልማዝ ከወዲያ ሆና «ላንሳችሁ እንዴ?» ስትል እጅጋየሁ እንቢ ማለቱም ሰልችቷት ስልኩን ሰጠቻት። ፎቶው አላማረም። ፀሐይ ዓይናቸውን አጨፍኖታል፣ ቀሚሷ ቡናማ ነው፣ አኩርፋለች፣ ከኋላ ደረቅ ገደል። አልሰረዘችውም።

ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ አንድ ሐሳብ እንደ ጠጠር በአፏ ስታገላብጠው መጣች። ሩት ትጠይቃታለች። ሩት ስትጠይቃት ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «እናትሽ ጢስ ዓባይን አይታ አታውቅም።» በቃ፣ የግድግዳዋ ሴት ትወርዳለች። ውሸት አትናገርም፣ ስድብ አትናገርም፣ እውነት ብቻ። የኋላሸትም ይህን የሚያውቅ ይመስል አንዴም ሳያናግራት ነዳ።

ሩት ትራሱን ተደግፋ ጠበቀቻቸው፤ ሕፃኗ አጠገቧ ተኝታለች። አባቷ በሩ ጋ ቀረ፤ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል።

«ቦታውን አገኛችሁት?» አለች ሩት።

እጅጋየሁ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነው። ቁልፉ በሩ ጋ መሽከርከሩን አቆመ።

«አገኘነው» አለች። «ድንጋዩም፣ ዘንባባውም እዚያው አለ። እናትሽ የቆመችበት ላይ ቆምኩ።»

ሩት አየቻት። ብዙ አየቻት። «ዳክዬዋስ?» አለች ቀስ ብላ። «ዳክዬዋም አለች?»

እጅጋየሁ ደነገጠች። የልጅቷ ዓይን እንባ ሞልቷል፣ ከንፈሯ ግን ሊስቅ ምንም አልቀረው። ያኔ ገባት። ስድስት ዓመት እዚህ የኖረች ልጅ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሄዳ አይታዋለች። አይታም፣ አባቷ እንዳያፍር፣ እናቷም ከዚያ ፏፏቴ እንዳትወርድ ዝም ብላለች። መስከረም ላይ ኑ ያለቻቸውም ለዚሁ ነው፤ ውሃው ሞልቶ ድንጋዩን እስኪሸፍነው።

«ግንቦት አይደል፣ ውሃ የለም» አለች እጅጋየሁ። «ክረምቱ ሲገባ ትመጣለች ብለውናል።»

ሕፃኗ ተነጫነጨች። እጅጋየሁ ጎንበስ ብላ አነሳቻት፤ አንገቷን በመዳፏ ደገፈች። ቅናቱ እንዳለ ነው፣ አልለቀቃትም።

«ነይ እስቲ» አለቻት። «ነይ፣ ሰገነት።»

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሙን በአፏ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር።